አጥፍቼዋለሁ ያልኩት ወሬ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አምቦ ላይ ዝናቡ አላባራ ባለበት ክረምት ነው። በቦታው የነበሩት ሰዎች ምናልባት ረስተውታል። እኔ አልረሳሁትም። ዛሬም መንገድ ላይ ብቻዬን እየሄድኩ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት ለአነጋገር ነው እንጂ እኔ መቀመጥ አልችልም። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እንዴ?" ትለኛለች። በመጨረሻ ቤተሰቡ መከረና ወሰነ። መስከረም እስኪጠባ ሥራ ካላገኘሁ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ሄጄ ልጆቹን እጠብቃለሁ። አጎቴን እወደዋለሁ፤ ልጆቹን አልወዳቸውም። ደግሞ እዚያ ቤት ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የገባ ዘመድ ሳይወጣ እንደሚያረጅ አይቻለሁ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ልማር ብዬ ተመዘገብኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቅ ላይ ያለች ማሰልጠኛ ናት። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ስለሆኑ ዊንዶውስ አይችሉም፤ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነበር የተጫነባቸው። አብዛኛው ሥራችን ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ መልስ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቀን ጓደኛዬ ጫልቱ "ገንዘባችንን ከፍለን ጨለማ ልናይ ነው?" አለችኝ። በኋላ ግን ወደድነው።

አሠልጣኛችን ቲቸር ገመቹ ይባላሉ። አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሲያስረዱ ግን ይገባል። ኮምፒውተሩ የሚናገረውን በቀስት ምልክት (>) ወደ ፋይል መላክ እንደሚቻል ያስተማሩንን አልረሳውም። "አንድ ቀስት ካደረጋችሁ ፋይሉ ውስጥ የነበረውን አጥፍቶ ይጽፋል ማለት ነው። ሁለት ቀስት ካደረጋችሁ የነበረውን ሳይነካ ከሥሩ ይቀጥላል ማለት ነው። የሰው ድካም ያለበት ፋይል ላይ አንድ ቀስት እንዳታደርጉ።" መልሱ ስክሪን ላይም እንዲታይ ፋይል ውስጥም እንዲገባ ስትፈልጉ ደግሞ ቲ የሚባል ትእዛዝ አለ አሉ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ውሃውን ለሁለት የሚከፍልባት ቲ ማለት ነው።

እንዳያችሁት "ማለት ነው" ይወዳሉ።

ሳምንታዊ ፈተናችንም በፋይል ነበር። ፈተናም ሆነ ልምምድ ስንጀምር "ስክሪፕት" የሚል ትእዛዝ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ስክሪናችን ላይ የሚታየው ሁሉ ይመዘገባል። ስንጨርስ ዘግተን ፋይሉን ወደሳቸው ኮምፒውተር እንልካለን፤ እሳቸው ቤታቸው ወስደው ያርማሉ።

ክፍሏ በኮምፖርሳቶ ነው የተከፈለችው። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ስፌት ትምህርት አለ፤ ትንሽ ካወራን ከወዲያ ግድግዳውን ይደበድቡብናል። ስለዚህ ማውራት ክልክል ሆነ። እኔን ደግሞ ሁለት ሰዓት ዝም በይ ከምትሉኝ ሁለት ሰዓት ቁሚ ብትሉኝ ይሻለኛል።

መላ አገኘሁ። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስመር ላይ የልቤን በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እጽፋለሁ። ኢንተር አልነካም። ጫልቱ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ታነባለች። ከዚያ ባክስፔስ ተጭኜ እይዝና ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ተጠራርጎ ይጠፋል። ጫልቱም በራሷ ስክሪን ትመልስልኛለች፤ ግማሹን በኦሮምኛ። ቀስ በቀስ ክፍሉ ሁሉ ለመደው። ቲቸር ወደኛ ሲመጡ የሁሉም ስክሪን ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ክፍል አይተው አያውቁም ብለን እንስቅ ነበር።

የኔ ወሬ ባብዛኛው ስለሳቸው ነበር። ኮት ነበራቸው፣ ወፍራም፣ ዝናብ ሲነካው የበግ ሽታ የሚሸት። "በጉ መጣ" ብዬ ጻፍኩ፤ ጫልቱ ሳቋን ለማፈን ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ኪሳቸው ቆሎ አለ፤ በመካከላችን ሲዘዋወሩ አንዳንድ ፍሬ ወደ አፋቸው ይወረውራሉ። "አይጥ ገባ" ብዬ ጻፍኩ። "ማለት ነው" ሲሉማ የማልጽፈው አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ኮቱ ቀረ። በዚያ ብርድ በስስ ሹራብ መምጣት ጀመሩ፤ መስኮቱ ጋ ሲቆሙ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ። "በጉ ታረደ" ብዬ ጻፍኩ። ቆሎውም ቀረ። ከዚያ አንድ ነገር አስረድተው ሊጨርሱ ሲሉ "ማለት..." ይሉና ዋጥ ያደርጉታል። ጫልቱ "ምን ነካቸው፣ ታመዋል እንዴ?" ብላ ጽፋ ጠየቀችኝ። "አርጅቷል" አልኳት።

ልጨርሰው። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነበሩ። ትልቁ የመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው።

ባለቤታቸው ዐረብ አገር ከሄደች እንደቆየች ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስልክ እንደማትደውልም ይወራል። በዚያ ሳምንት ፈተና ላይ እጄ ቀድሞ ጨርሶ አፌ ሥራ ፈትቶ ነበርና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሚስቱ ዐረብ አገር የሄደችው ሥራ ፍለጋ አይደለም። ይሄን ሰውዬ በየቀኑ ከመስማት በረሃ ይሻለኛል ብላ ነው።"

ጫልቱ አነበበችው። እንደወትሮዋ አልሳቀችም። በጣቷ "አጥፊው" አለችኝ። አጠፋሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቲቸር ገመቹ ደስ ብሏቸው ገቡ። ጉደር አዲስ የተከፈተ የግል ክሊኒክ አለ፤ የበሽተኞች መዝገቡ እኛ በተማርንበት ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን የሚያይ፣ ማሽኑ የተናገረውን በፋይል የሚያስቀምጥ፣ ሲበላሽ የሚያስታውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ቲቸር ሁለት ሰው አቅርበው ነበር፤ ፈይሳ የሚባል ልጅና እኔን። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አንቺን ነው ያስቀደምኩት፣ አይዞሽ" አሉኝ። እኔ አጎቴን ስልክ ደውዬ አልመጣም የምልበትን ቃል ማሰብ ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተር ዓለምነሽ ራሳቸው መጡ። ሙሉ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ወንበር ሲሰጣቸው አቧራውን በመሐረብ ጠረጉና "ሰርተፊኬት አታሳዩኝ፤ ሰርተፊኬት እኔም ቤት ሙሉ አለኝ። ሥራ አሳዩኝ" አሉ።

ቲቸር ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከኮምፒውተራቸው ጋር አገናኙ። ያለፈውን ሳምንት የኔን ፋይል አወጡ። ፋይሉን ስክሪን ላይ አፈሰሱት፤ ጽሑፉ እየወረደ አለፈ፣ ንጹሕ፣ አንድ ስህተት የሌለበት። "ይቺ ልጅ የማሽኑን መልስ በሁለት ቀስት ወደ አንድ ፋይል፣ የማሽኑን የስህተት ሮሮ ደግሞ ለብቻው ወደ ሌላ ፋይል ልካለች። ሁለቱን አላደባለቀችም" አሉ። በኩራት ነው የሚያወሩት። እኔም ተኮፍሻለሁ።

ሲስተር መነጽራቸውን አደረጉ። "ጎበዝ ናት። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም?"

"ትሳሳታለች እንጂ፤ ወዲያው አጥፍታ ታስተካክላለች።"

"እሱን ነው የምፈልገው። እኛ ጋ እኮ ካርድ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበትና ይፈረምበታል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። እዚህስ? ያጠፋችው አይታይም?"

ቲቸር እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ከዚያ "ምልክት የበዛበት ነው፣ ዓይን ያደክማል" አሉ።

"ዓይኔ ደህና ነው፣ ኦቦ ገመቹ። ያሳዩኝ።"

በዚህ ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ያጠፋሁት ጠፍቷል ብዬ ነዋ! ቲቸር ፋይሉን በሌላ መክፈቻ ከፈቱት። ያው የኔ ሥራ ነው፤ ግን እዚህ ተሳስቼ የጻፍኩት ፊደል አለ፤ ከአጠገቡ ባክስፔስ በነካሁ ቁጥር አንድ ትንሽ ምልክት ተቀምጧል። ስክሪፕት የጻፍኩትን ብቻ አይደለም የመዘገበው፤ ያጠፋሁትንም፣ ማጥፋቴንም መዝግቧል። ስክሪን ላይ ሲፈስ መጻፉና መጥፋቱ በቅጽበት ስለሚያልፍ አይታይም። እንዲህ ሲከፈት ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ዓይኔ ከጽሑፉ ቀድሞ ያንን መስመር መፈለግ ጀመረ።

ቲቸር አንድ ሁለት ስህተቶቼን በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ እጃቸው ፈጠን አለና ጽሑፉ ዘለለ፤ ወደ ታች፣ ብዙ መስመር።

ሲስተር "ቆይ ቆይ" አሉ። "ምን ዘለሉ? ይመለሱ።"

"የሚረባ ነገር የለውም።"

"ይመለሱ እንጂ።"

ተመለሱ። ያ መስመር ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበር። ከሥሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የባክስፔስ ምልክት። ሲስተር የእንግሊዝኛውን ፊደል ወደ አማርኛ እየመለሱ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ምን እያነበቡ እንደሆነ የገባቸው መሃል ላይ ሲደርሱ ነው። "ሚስቱ... ዐረብ አገር የሄደችው... ሥራ ፍለጋ አይደለም። ይሄን ሰውዬ በየቀኑ..." ድምፃቸው እያነሰ ሄደና ጨረሰ።

ከኋላ አንድ ሰው ፍስስ ብሎ ሳቀና ሳቁን ዋጠው።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ ስለማን ነው?"

"ስለኔ ነው" አሉ ቲቸር ገመቹ። ድምፃቸው ያው ቀስትን ሲያስተምሩን የነበረው ነው።

እኔ ፊት ለፊት ተናጋሪ ነኝ እያልኩ የምመጻደቅ ሰው ነኝ። ሰፈሩ በሙሉ "የሷ አፍ ፍሬን የለውም" ይለኛል፤ እኔም እንደ ሙገሳ እቀበለው ነበር። እዚያ ጋ ግን ብድግ ብዬ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። "እኔ አይደለሁም! እኔ አልጻፍኩትም!"

ኮምፒውተሩን የምከፍተው በስሜ ነውና በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ስሜ ተጽፎ ይታያል። ሰናይት፣ ሰናይት፣ ሰናይት፤ ቴሌቪዥኑን ሙሉ። ጫልቱ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ ቀሚሷን ትነጫለች።

ቲቸር ወደኔ አላዩም። ወደ ሲስተር ዞረው "ይሄ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ልጅ ይቀመጣል" አሉ። "እሷ ስትነሳ ሌላ ሰው ጽፎት ሊሆን ይችላል።" ውሸት ነበር። ስክሪፕቱ ከተከፈተ እስኪዘጋ ከወንበሬ እንዳልተነሳሁ ያውቃሉ፤ ራሳቸው ናቸው እላያችን ላይ የሚቆሙት።

ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ሲስተር ይመለሱ ከማለታቸው በፊት የቲቸር እጅ የት ጋ መዝለል እንዳለበት ያውቅ ነበር። ያንን መስመር አንብበውታል። ሲያርሙ የሚከፍቱት በዚያ መክፈቻ ነው ማለት ነው፤ ይህን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። በጉንም። አይጡንም። ኮቱን ያስወለቅኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ብርድ ሹራብ ለብሰው የሚንቀጠቀጡት እኔ ስለጻፍኩ ነው። ቃላቸውን የሚውጡት እኔ ስለጻፍኩ ነው። እየለወጥኳቸው እስቅባቸው ነበር።

ሲስተር የፈይሳን ሥራ አዩ፣ አመሰገኑ፣ ወጡ። 

ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ጫልቱ በሩ ጋ ቆማ "ነይ እንሂድ፣ ኋላ ትነግሪያቸዋለሽ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። "እንግዲያው አሁን እንኳ አትዋሺ" ብላኝ ወረደች።

ቲቸር የቴሌቪዥኑን ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላውቅም። ይቅርታ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ይቅርታ አልኩ።

"ዺሲ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ተዪው ልጄ ማለታቸው ነው።

"ለምን አልተቆጡኝም? ገና መጀመሪያ ላይ ለምን አልነገሩኝም?"

ሽቦውን አስቀመጡት። "ልነግራችሁ ነበር። ከዚያ ኮቱን አሸተትኩት፤ እውነትም ይሸታል። ማለ..." ብለው አቆሙ። ትንሽ ሳቅ አሉ። "እውነት ስለሆነ ምን ብዬ እቆጣለሁ?"

"የመጨረሻውስ?"

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። አፌ ግን ያው ነው።

ሽቦውን መልሰው አነሱና መጠቅለል ጀመሩ። ከማዶ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። "እሱን ማታ ላይ አነበብኩት" አሉ። "ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ምንድነው የምታነበው አባ ስትለኝ ስክሪኑን አጠፋሁት።"

 ቁልፋቸውን አነሱ፤ እኔም ወጣሁ።

ሥራውን ፈይሳ አገኘው። መስከረም ሲጠባ ሻንጣዬን ይዤ አጎቴ ቤት ገባሁ። የአጎቴን ልጆች ፊት ሳጥብ፣ ምሳቃቸውን ስቋጥር ዓመት ከምናምን ከረምኩ። ከዚያ ተጣልቼ ተመለስኩ። አሁን አምቦ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሰው ማመልከቻውን፣ ክሱን፣ የፍቺ ወረቀቱን እያነበበልኝ እጽፍለታለሁ። እጽፋለሁ፣ አትሜ እሰጣለሁ፣ አፌን እይዛለሁ። ከባድ ነው፤ ግን እይዛለሁ።

ዕዳው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ፈይሳ ወረቀት ሊያስገለብጥ መጣና ስንጫወት "ቲቸር ገመቹ ላንቺ ብለው ጉደር ድረስ መምጣታቸውን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"መቼ?"

"ያኔ ነዋ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን። አሁን እንዲህ ስልሽ አይክፋሽ፤ እሱን አስወጡና እሷን አስገቡ አላሉም። ሁለተኛ ሰው ከፈለጋችሁ እሷን ውሰዷት ነው ያሉት። ሲስተር በር ላይ እንደቆሙ ነው ያነጋገሯቸው፤ እኔ መስኮት ሥር ነበርኩ።"

ሲስተር ምን እንዳሉ ጠየቅኩት።

"'ኦቦ ገመቹ፣ የሷ እጅ ከዚህ ልጅ እጅ እንደሚበልጥ አይቻለሁ' አሉ። 'ግን እዚህ የሚመጣ ሰው ገመናውን ይዞ ነው የሚመጣው። ነውሩን፣ ሕመሙን፣ ማን ጥሎት እንደሄደ ሁሉ። እሷን አስገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።' ቲቸርም 'ልጅ ናት፣ ትማራለች' አሏቸው። ሲስተር 'እርስዎን እኮ ነው የሰደበችው!' ሲሏቸው 'አዎ፣ እኔን ነው። ስለዚህ እኔ ይቅር ካልኳት ይበቃል' አሉ።"

ፈይሳ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። እኔ የሚቀጥለውን ደንበኛ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ሲስተር ዓለምነሽን አልተቀየምኳቸውም። እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እኔን አልቀጥርም። ሥራው ስላመለጠኝ አይቆጨኝም ብል ግን ዋሸሁ፤ በደንብ ይቆጨኛል።

ቲቸር ገመቹን አልፎ አልፎ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ቀድመው "አካም ጅርታ" ብለው ሰላም ይሉኛል። እኔም እመልሳለሁ፤ ዓይናቸውን ግን አላይም። ጉደር ስሄድ በክሊኒኩ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በሌላ እዞራለሁ። አንገቱን አቀርቅሮ የሚሄደው ያ ዓይን አፋር ሰው፣ ቢሮ ገብቶ ለራሱ አንድ ነገር መጠየቅ የማይሆንለት ሰው፣ በሚኒባስ ሄዶ እዚያ በር ላይ ቆሞ ስለኔ ሲለምን ይታየኛል። የሰደብኩት ስድብ ብቻ ቢሆን ይቅርታ ብዬበታለሁ። ለዚያ ልመና ግን ምን ብዬ እንደምከፍል እስከ ዛሬ አላወቅኩም።